ወረቀት ከእሳት ሲያስጥሉ የኖሩት የወይዘሮ ታክ ኢንሱክ (ሉሲያ) የሕይወት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1950 መገባደጃ፣ የሰሜኑ ጦር ከተማችንን ሙቾንን ለቆ በወጣ ሰሞን፣ ወይዘሮ ታክ ኢንሱክ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። ከጓዳው ጀርባ፣ የአኩሪ አተር ጋኖች ከሚደረደሩበት ድንጋይ አጠገብ ቆመው የሁለት ሴቶች ንግግር ሰሙ። አንደኛዋ እናታቸው ነበሩ፤ ሌላይቱ በአንድ ግድግዳ የሚጎራበቷቸው ወይዘሮ ኦ ቡንሬ። የሰሙትን በሙሉ አላስታወሱትም። አንዳንዴ ሲያጫውቱን «አቃጥይው ያለችው እናቴ ናት» ይሉ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ «የለም፣ እናቴ የጀመረችውን ንግግር እንኳ አልጨረሰችውም» ይላሉ። ሳይለዋወጥ የቀረላቸው ይህን ያህል ነው፦

«የሄራን እናት፣ ዛሬውኑ ምድጃ ውስጥ ክተቺው። ቤት ለቤት ሊፈትሹ ነው እየተባለ ነው።»

«የሱን የእጅ ጽሑፍ? በገዛ እጄ?»

«እሱ እንደሆነ ሄዷል።»

«ሄዷል አትበይኝ። ተወስዷል።»

«ሄደም ተወሰደም፣ ልጅሽ እዚሁ ናት።»

ከዚያ በኋላ የጋን ክዳን ሲገጠም ተሰማ። የወይዘሮ ኢንሱክ ሕይወት ከዚያ ክዳን ርቆ አያውቅምና ታሪካቸውን ከዚህ ጀመርኩ። እኔ የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ታክ ጊልሱ ነኝ፤ የጻፍኩትም ከአፋቸው የሰማሁትን፣ የጎደለውንም ካዩ ሰዎች ጠይቄ ያሟላሁትን ነው።

ወይዘሮ ኢንሱክ ከአባታቸው ከአቶ ታክ ዮንግሃና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፓን ጆምሱን በ1941 በየካቲት ወር ሙቾን ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ ባለው ሰፈር ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። በሕፃንነታቸው በከተማችን ቁምስና ተጠምቀው ሉሲያ ተባሉ። አባታቸው ለተማሪዎች ደብተርና ቀለም ይሸጡ ነበር፤ ከደንበኞቻቸው ሁሉ ብዙ ወረቀት የሚፈጁት ጎረቤታቸው ናምጉንግ ሶል ነበሩ። እኚህ ሰው በከተማው ትምህርት ቤት ያስተምሩ፣ ግጥምና ተውኔት ይጽፉ ነበር። በዚያ በ1950 መከር ጠፉ። ወደ ሰሜን በፈቃዳቸው ሄዱ የሚል ነበረ፤ ታስረው ተወሰዱ የሚልም ነበረ፤ እስከ ዛሬ እርግጡን የሚያውቅ የለም። ለመንግሥት ግን ሁለቱም አንድ ነበር። መጽሐፋቸው ታገደ፣ ስማቸውን ጮክ ብሎ የሚጠራ ጠፋ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ቡንሬና የሁለት ዓመት ልጃቸው ሄራን ቀሩ። ወረቀታቸውም ቀረ፦ ረቂቆቻቸው፣ ማስታወሻዎቻቸው፣ ከወዳጆቻቸው የመጡላቸው ደብዳቤዎች።

ወይዘሮ ቡንሬ ወረቀቱን በዘይት በታሸ ወረቀት ጠቅልለው ከሁሉ ትልቁ የአኩሪ አተር ጋን ውስጥ ሸሸጉት። የሴት ጋን ከፍቶ የሚያይ ወንድ የለም ብለው ነው። ያላሰቡት ነገር ቢኖር፣ ለዓመታት አኩሪ አተር በጨው ውሃ የተጣለበት ጋን ጨው ጠጥቷል፤ ጨው ደግሞ በክረምት፣ በእኛ አገር በሰኔና በሐምሌ በሚጥለው ዝናብ፣ እርጥበት ይስባል። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራው ጋን ያለው ቤት ብቻ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ጋኑን ቢከፍቱት ወረቀቱ ላብ ያራሰው ልብስ ይመስል ነበር። ስለዚህ በየዓመቱ ክረምት እንደወጣ፣ በርና መስኮት ዘግተው፣ የአገራችን ቤት ወለል ከሥሩ በሚነድ እሳት ይሞቃልና እሱን አንድደው ወረቀቱን በክፍሉ ወለል ላይ ያሰጡት ጀመር። ለዚህ ሥራ የሚያምኑት ሌላ ሰው አልነበራቸውም፤ ኢንሱክን ይጠሩ ነበር።

በ1955 ነሐሴ ላይ የደረሰውን ወይዘሮ ኢንሱክ ደጋግመው ነግረውናል። እሳቸው አሥራ አራት ዓመታቸው ነበር፤ ሄራን ሰባት። ወረቀቱ ወለሉን ሞልቶ ተሰጥቶ ሳለ የጣቢያው ፖሊስ ከደጅ ተጣራ። በዚያ ሙቀት ከጭስ መውጫው ጭስ አይቶ ነው የመጣው። ለመሰብሰብ ጊዜ አልነበረም። ወይዘሮ ቡንሬ ፍራሽ አንጥፈው ልጃቸውን በወረቀቱ ላይ አስተኙ፤ የተሰጣውን ሁሉ በሚሸፍን ወፍራም ብርድ ልብስ እስከ አንገታቸው ሸፈኗቸውና በሩን ከፈቱ። ፍራሹ አጭር ስለነበር የልጅቱ ወገብና እግር ያረፈው በቀጥታ ወረቀቱ ላይ ነበር።

«ምን ሆናችሁ ነው በነሐሴ እሳት የምታነዱት?» አለ ፖሊሱ።

«ልጄን ኩፍኝ ይዟት ነው ጌታው። ብርድ እንዳይመታት።»

«ኩፍኝ?» አንድ እግሩን ወደ ኋላ መለሰ። «እኔም ቤት ሕፃን አለ። እዚሁ እቀመጣለሁ።»

ተቀመጠም። ከበረንዳው ጣውላ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጋራውን ለኮሰ።

«ከባልሽ ወሬ የለም?»

«ከሞተ ሰው ምን ወሬ ይመጣል?»

«ሞተ ያለሽ ማነው?»

«አልሞተማ ካሉኝ ያሉበትን ይንገሩኝና ሄጄ ላምጣው።»

ፖሊሱ ሳቀ፤ አልተነሳም ግን። ሌላ ሲጋራ ለኮሰ። ኢንሱክ በትንሿ ሕመምተኛ ራስጌ ተቀምጠው ማራገቢያ ያወዛውዙ ነበር። ወለሉ ይጋላል። ሄራን አልተነቃነቁም፣ አላለቀሱም። በመጨረሻ ሸኑ። ውሃው በብርድ ልብሱ ጠርዝ በኩል ሲወጣ ኢንሱክ አዩና ቀሚሳቸውን ዘርግተው ሸፈኑት። ፖሊሱ ሲጋራውን ጨርሶ «ይማርሽ» ብሎ ሄደ።

ልጅቱን ሲያነሷቸው ወረቀቱ ከገላቸው ጋር ተጣብቆ ተነሳ። የአባታቸው ጽሑፍ ቀለሙ ለቅቆ፣ ወደ ኋላ ተገልብጦ፣ ከወገባቸው እስከ ጉልበታቸው ታትሞ ነበር። ኢንሱክ በአመድ ውሃ ሲያሹላቸው ሄራን አንድ ቃል ብቻ ደጋገሙ፦ «እትዬ፣ ሁሉንም አጥፊው። ሁሉንም።»

ወይዘሮ ኢንሱክ የመጀመሪያና መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሙቾን ተከታተሉ። አባታቸው ሲታመሙ ትምህርቱን ትተው ሱቁን ያዙ፤ በኋላ በማታው ክፍለ ጊዜ አጠናቀቁ። በ1963 በከተማው ቤተ መጻሕፍት ተቀጠሩ፤ በተከታዩ ዓመት የባቡር ሐዲድ ቀያሪ ከነበሩት ከአቶ ማ ጆንግቴ ጋር በቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። አቶ ጆንግቴ ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ ቀልዳቸው ግን ሰፈሩ ውስጥ ይዞር ነበር። «የሌላው ሚስት ገበያ ትውላለች፤ የኔ ለቅሶ ቤት» ይሉ ነበር።

እውነታቸውን ነው። በ1968 ወይዘሮ ኢንሱክ ወደ ከተማው ባህል ቤት ተዛውረው የግል ወረቀቶች የሚሰበሰቡበትን ክፍል ብቻቸውን አቋቋሙ። የኛ ሰው በቀብር ዕለት የሟቹን ልብስና የእጅ ዕቃ በመቃብሩ ግርጌ ያቃጥላል፤ ነፍስ ወደ ኋላ እንዳትመለከት ነው። ከልብሱ ጋር ደብዳቤው፣ ረቂቁ፣ ንድፉ ሁሉ ይነዳል። ስለዚህ ዘፋኝ ወይም ሠዓሊ ወይም የቀድሞ ከንቲባ ሞተ ሲባል ወይዘሮ ኢንሱክ በመጀመሪያው ቀን ይደርሳሉ። ይሰግዳሉ፣ ጸሎቱን ከቁምስናው ሰዎች ጋር ያዜማሉ፣ የለቅሶውን ቀይ የሥጋ ሾርባ ይበላሉ። ስለ ወረቀት የሚያነሱት ሳህኑ ከተነሳ በኋላ ነው። «የእጅ ጽሑፋቸውን ከልብሳቸው ለይታችሁ አስቀምጡልኝ» ይላሉ፤ ከዚያ አይጨምሩም።

ስም ወጣላቸው። «ቁራዋ መጣች! ሬሳው እንኳ ሳይቀዘቅዝ!» ይባሉ ነበር። እሳቸውም «ቁራም ይርበዋል፣ እስቲ ሾርባውን ወዲህ በሉ» ብለው ይቀመጣሉ። በዚህ ዓይነት ከእሳት የተረፈው ዛሬ የባህል ቤቱን የላይኛውን ፎቅ ሞልቶታል።

ነገር ግን የተረፈውን ብቻ ብናገር እሳቸው ደስ አይላቸውም። በ1974 የሠዓሊ ቦንግ ሳንግዎንን ደብዳቤዎች ለመከር በዓል በመስታወት ሥር አሳዩ። ከደብዳቤዎቹ በአንዱ ላይ ሠዓሊው ታላቅ ወንድማቸውን ያመሰግናሉ፤ እሳቸውን ባሕር ማዶ ለማስተማር ሲሉ የዘመዱ ሁሉ የሆነውን፣ ለአያት ቅድመ አያት የመታሰቢያ ድግስ የሚታረስበትን መሬት በስውር ስለሸጡላቸው። ዘመድ ሁሉ የሚያውቀው መሬቱን ወንዝ በላው ተብሎ ነው። ታላቅ ወንድምየው በሕይወት ነበሩ፤ የቦንግ ቤተ ዘመድ ሽማግሌ ናቸው፤ በበዓሉ ቀን የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። አነበቡት። ልጆቹን ይዘው ወጡ። በማግስቱ የቤተ ዘመዱ ወንዶች መጥተው የሠዓሊውን ወረቀት አንድ ሳያስቀሩ አወጡና በባህል ቤቱ ግቢ አቃጠሉት። ሽማግሌው በዚያ ዓመት ድግሱን ለመምራት አልወጡም። ብርዱ ሳይገባ ሞቱ።

ወይዘሮ ኢንሱክ ወደ ለቅሷቸው ሄዱ። ሾርባ የሰጣቸው ሰው አልነበረም። እስከ መጨረሻው ተቀምጠው ተመለሱና ለባለቤታቸው እንዲህ አሉ፦ «ከእሳት ያወጣሁትን ወረቀት ሰው ላይ ጣልኩት።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ አወጡ። በወረቀቱ ውስጥ ስሙ ያለ ሰው በሕይወት ካለ፣ እሱ ካልፈቀደ በቀር ማንም አያየውም፤ ታሽጎ ይቀመጣል። አለቆቻቸው «ታዲያ ምን ልናሳይ ነው?» ሲሏቸው «ትዕግሥት» ይሉ ነበር።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የናምጉንግ ሶል ወረቀት እዚያው ጋን ውስጥ ነበር። ልጃቸው ወይዘሪት ሄራን የመምህርነት ፈተና አልፈው በአባታቸው ምክንያት ሳይመደቡ ቀሩ። ከዚያ የታጩለት ሰው ቤተሰብ የአባታቸውን ስም ሰምቶ ቃሉን መለሰ። ልብስ ሰፊ ሆነው ኖሩ። ወረቀቱን ጠሉት። «እናቴ የሞተች ቀን አብሯት ይሄዳል» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ተናግረው ነበር። ወይዘሮ ኢንሱክም ይህን ያውቁ ነበር።

ወይዘሮ ቡንሬ በ1979 ታኅሣሥ አረፉ። ጊዜው ክፉ ነበር፤ ያንን ወረቀት ይዞ መገኘት ያስጠይቃል። በቀብሩ ዕለት ኮረብታው ላይ፣ ከመቃብሩ ግርጌ፣ እሳት ነደደ። ወይዘሪት ሄራን የእናታቸውን ልብስ አንድ በአንድ ከተቱ፤ ከዚያ በነጭ ጨርቅ የታሰረውን ጥቅል አነሱ። ከአጠገባቸው የቆሙ አንዲት አክስት «ጣይው ልጄ፣ ጣይውና ተገላገይ!» ይሏቸዋል። ወይዘሮ ኢንሱክ ከሕዝቡ መሐል ወጡ። «ይኸው ቁራዋ» አለ አንድ ሰው።

«እትዬ፣ ከዚያ ከቀረብሽ እጥለዋለሁ» አሉ ሄራን።

ወይዘሮ ኢንሱክ ባሉበት ውርጭ ላይ ቁጭ አሉ። «አልቀርብም።»

«እዚህ ውስጥ ለአባቴ ደብዳቤ የጻፈ የስንት ሰው ስም አለ መሰለሽ? ልጆቻቸው እዚሁ ከተማ አስተማሪ ናቸው፣ ጸሐፊ ናቸው። እንደኔ ይሁኑ? የቦንግን ሽማግሌ ረሳሻቸው?»

«አልረሳኋቸውም።»

«የሰው ጓዳ መክፈት ለምደሻል። ያንቺንስ ማን ይክፈተው?»

ወይዘሮ ኢንሱክም የጻፉት ነበራቸው፤ በየለቅሶው ቤት የሰሙትን፣ ሰዎች ስለ ሟቾቻቸው የነገሯቸውን ሁሉ ወጣት ሳሉ ጀምሮ ይጽፉ ነበር። ያንን ከባለቤታቸው በቀር ማንም አያውቅም ነበር።

«የኔም አለ» አሉ። «ይህ ከተማ ሙሉውን እዚያ ውስጥ ነው። ያንቺ የሚሆነው የኔም ይሁን። ዛሬ ከጣልሽው ሄጄ የኔን አመጣና እዚሁ እጨምረዋለሁ። ካቆየሽው ይቆያል። እኔ ብሞትም ባንቺ ቃል ነው።»

«ትቀልጃለሽ።»

«እሳቱ ሳይጠፋ ደርሼ እመለሳለሁ። ቤቴን ታውቂዋለሽ።»

ይህን የነገሩኝ በቦታው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ወይዘሪት ሄራን ጥቅሉን በአንድ እጃቸው እንደያዙ ጎንበስ ብለው የእናታቸውን ጫማ እሳቱ ውስጥ ከተቱ። ጫማው እስኪነድ ቆሙ። ከዚያ ጥቅሉን በብብታቸው ይዘው ኮረብታውን ወረዱ፤ ማንንም ዞር ብለው አላዩም። እቤት እንደደረሱ ጋኑ ውስጥ መለሱት።

አልሰጡም፤ አላቃጠሉም። በተከታዩ ነሐሴ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ወይዘሮ ኢንሱክ በራቸውን አንኳኩ። «ላሰጣው መጣሁ» አሉ። ወይዘሪት ሄራንም «ፊቱን ወደ ወለሉ» አሉ። በዚህ ስምምነት በየዓመቱ ሁለቱ ሴቶች ወለሉን አሙቀው፣ እያንዳንዱን ወረቀት ጽሑፉን ወደ ታች አድርገው ያሰጡታል፤ ሲደርቅም እንደተገለበጠ ይሰበስቡታል። ወይዘሮ ኢንሱክ የዚያን ሰው ጽሑፍ ፈልገው ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ሲሆኑ አንዲት መስመር አላነበቡም። አንድ ጊዜ «ይህ ጨዋማ ጋን ነው ወረቀቱን የሚያረጥበው፤ የእንጨት ሣጥን ላምጣልሽ፣ ዳግመኛ ማስጣት አያስፈልግሽም» አሏቸው።

«አልፈልግም» አሉ ሄራን። «ካልረጠበማ በምን ምክንያት ትመጫለሽ?»

ወይዘሮ ኢንሱክ ሁለተኛ ስለ ሣጥን አላነሱም።

በ1988 ወደ ሰሜን የሄዱት ጸሐፊዎች መጻሕፍት እገዳ ሲነሳ ከዋና ከተማው ሰዎች በመኪና መጡ፤ ምሁራን ነበሩባቸው፣ ጋዜጠኞችም ነበሩባቸው። ወይዘሪት ሄራን በሩን ከውስጥ ቆልፈው ከወለሉ በታች ያለውን እሳት አነደዱ፤ ጭሱን ሁሉም አየው፤ ብትገቡ አቃጥለዋለሁ ማለታቸው ነበር። የባህል ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ኢንሱክን አስጠርተው «እርስዎ ብቻ ነዎት የሚገቡት። በእጅዎ የያዙትን ነገር እንዴት ዓይንዎን ጨፍነው ያልፉታል?» አሏቸው።

«ዓይኔን አልጨፍንም፤ ወረቀቱን ነው የምገለብጠው» አሉ።

«ቢያንስ ስለምን እንደሆነ ይንገሩን።»

«አኩሪ አተር አኩሪ አተር ይሸታል። ሌላ አላውቅም።»

ኃላፊው ተቆጡ፤ ሥራቸውን በሌላ ሰው እንደሚያስይዙባቸው ተናገሩ። ወይዘሮ ኢንሱክ ግን ወደ ሄራን ቤት ሄደው በሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ፤ መኪናው እስኪመለስ አልተነሱም። ከውስጥ «እትዬ፣ አለሽ?» ሲባሉ «አለሁ» ይላሉ። ደጋግመው ተጠይቀው ደጋግመው መለሱ።

ወይዘሮ ኢንሱክ በ1999 ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው አቶ ማ ጆንግቴ በ2009 ዐረፉ። ለቁምስናው የሙታን ጸሎት ማኅበር እስከ መጨረሻው አገለገሉ፤ ዘመድ ለሌለው ሟች ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ነበሩ፣ በዚያ ቤት የሚወሰድ ወረቀት ባይኖርም።

በ2022 መገባደጃ የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። በተከታዩ ነሐሴ ሆስፒታል ነበሩና ወደ ሄራን ቤት ለመሄድ አልቻሉም። በዚያው ወር ወይዘሪት ሄራን ሊጠይቋቸው መጡ፤ እኔ ውሃ እያቀረብኩ ነበር።

«ዘንድሮ ብቻዬን አሰጣሁት» አሉ።

«ፊቱን ወዴት?»

ወይዘሪት ሄራን መስኮቱን ተመለከቱ። «ወደ ላይ።»

«አነበብሽው?»

«መነጽሬን አልያዝኩም ነበር።»

«በገዛ ቤትሽ?»

ወይዘሮ ኢንሱክ ነርሷ እስክትመጣ ድረስ ሳቁ። ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም። ልጆቻቸው ግን መጨነቅ ጀምረው ነበር። የእናታቸው ጽሑፍ በፖም ሣጥኖች ተሞልቶ አልጋቸው ሥር ነው፤ ከተማው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። በቀብሩ ዕለት ከልብሳቸው ጋር ይቃጠል ወይስ ይቀመጥ? «እማዬ፣ አንድ ነገር በይን እንጂ» ሲሏቸው መልሳቸው አልተለወጠም፦ «ቃል ሰጥቻለሁ። ሄራንን ጠይቁ።» ሄራን ሲጠየቁም «ገና አላሰብኩበትም» ይሉ ነበር።

ወይዘሮ ታክ ኢንሱክ ሲታመሙ ቆይተው፣ ምስጢረ ቀንዲል ተቀብለው፣ በ2024 መጋቢት 11 ቀን ሲነጋ በተወለዱ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ልጆቻቸው አቶ ማ ሰንግሁና ወይዘሮ ማ ኡንጆ፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ታናሽ ወንድማቸውና ቤተሰቡ እንዲሁም ጎረቤታቸው ወይዘሪት ናምጉንግ ሄራን ያዝኑላቸዋል። ሄራንን ከቤተሰቡ ጋር የጻፍኩት በልጆቻቸው ፈቃድ ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ወይዘሪት ሄራን ወደ ለቅሶው መጡ። ሰገዱ፣ ጸሎቱን አዜሙ፣ ሾርባቸውን በሉ። ሳህኑ ሲነሳ ይህን ጽሑፍ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። እሳቸው በሕይወት አሉ፣ ስማቸውም እዚህ ውስጥ አለ፤ በአክስቴ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃዳቸው አይነበብም ነበር። ፍራሹና ብርድ ልብሱ ጋ ስደርስ የሸኑትን ትቼ ዘለልኩ። «ያንንም አስገባው» አሉኝ። «ከዚያ ወረቀት መሐል አንዱ ላይ እድፉ አለ። ሊያዩት ነው፤ ካሁኑ ይወቁት።»

እንደዚያ ሲሉ ነው ወረቀቱን ሊሰጡ መሆኑ ለአክስቴ ልጆች የገባቸው። ሰንግሁ ቀስ ብሎ «እትዬ፣ እንግዲያው የእናቴስ?» አላቸው።

«ቃሏን ሰምተሃል። ያንዱ የሌላውም ነው» አሉ። የናምጉንግ ሶልና የታክ ኢንሱክ ወረቀት በባህል ቤቱ፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ስማቸው ያለበት ሰዎች እስኪፈቅዱ ወይም ጊዜያቸው እስኪያልፍ ድረስ ታሽጎ። ጋኑ ግን ባዶውን ከሄራን ደጅ ይቆያል።

ሁሉን የምታይ፣ የተጻፈውንም ያልተጻፈውንም የምታነብ አምላካችን ሆይ፣ የባሪያህን የሉሲያን ስም በሕይወት መጽሐፍህ አኑር፤ ሰው ፊት ያልገለጡትን አንተ በምሕረት ግለጥላቸው። አሜን።

ወደ ኮረብታው ለምትወጡ ወገኖች አንድ ማሳሰቢያ አለን። ከቀብሩ በኋላ በመቃብሩ ግርጌ እሳት ይነዳል፤ የሚገባበት ልብሳቸውና ጫማቸው ብቻ ነው። በስህተትም ቢሆን አንዲት ቁራጭ ወረቀት እንዳትገባ ከእሳቱ አጠገብ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። ወይዘሪት ናምጉንግ ሄራንን ጠየቅናቸው፤ እሺ ብለዋል።